አማትና አማች በአሥር ሜትር

እትዬ መርፌ የልጇን ባል መጠርጠር የጀመረችው በሱሪው ኪስ ምክንያት ነው።

ይህን ቅጽል ስም ሰፈሩ ያወጣላት ለሥራዋ ይሁን ለምላሷ እስከ ዛሬ አልተለየም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፍታለች። ከመኖሪያ ቤቷ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ጥግ በተቀመጠው የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ፣ የሰፈሩ ወገብ ሲሰፋና ሲጠብ እየለካች ኀምሳ ስምንት ዓመቷን ደፍናለች። "ሰው አፉን ቢዘጋ ልብሱ ያወራል" ትላለች። ያን ዕለት የአማቿ ሱሪ አወራ። የተቀደደ ኪሱን ልትጠግን ገልብጣ ስታራግፈው አንዲት ግራጫ ነገር ወለሉ ላይ ጠብ አለች። አነሳቻትና መነጽሯን አድርጋ አየቻት። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ወገቧ ቀጠን፣ ታቿ ሰፋ ብሎ ቀሚስ የለበሰች ትንሽዬ ሴት ትመስላለች።

"የጆሮ ጌጥ ስባሪ!" አለች ለራሷ። "የማን ጆሮ?"

የልጇ እንዳልሆነ ታውቃለች። ልጇ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ ጌጥ የሚባል ነገር ካደረገች ዓመታት አልፈዋል። ባሏ ደግሞ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። አማትና አማች ስምንት ዓመት በአንድ ቤት ሲኖሩ ከ"እንደምን አደሩ" እና ከ"ደኅና ዋል" ያለፈ ወሬ ኖሯቸው አያውቅም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዝምተኛ ነው። ለእትዬ መርፌ ግን ዝምተኛ ሰው ያልተፈታ ትራስ ነው፤ ውስጡ ጥጥ ይሁን ጭድ በምን ይታወቃል? ደግሞ አሁን ስታስበው፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "ተረኛ ነኝ" እያለ በጠዋት ይወጣል።

"ቆይ! ተራህን አሳይሃለሁ" አለችና ስባሪዋን በመሀረቧ ቋጠረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሻርፗን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ተከተለችው። እሱ አውቶቡሱ ፊት ላይ ሲቆም እሷ ከኋላ፣ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ተሸጎጠች። ከስፖርት ሜዳው አጠገብ ወረደ፤ እሷም ወረደች። የድሮ የጫማ መጋዘን ወደሚመስል ረጅም ቤት ገባ። ሃያ ያህል እርምጃ ቆጠረችና በሩን በርግዳ ገባች።

"የታለች?!" ብላ ጮኸች።

ሽቶ የለም፤ ሙዚቃ የለም፤ ሳቅ የለም። በመብራት ፏ ያለ ረጅም ክፍል ውስጥ ስምንት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁሉም ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል፤ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል። በተዘረጋው እጅ ላይ ደግሞ ሽጉጥ አለ።

"ተኩስ አቁም!" አለ አንድ የተረጋጋ ድምፅ። ስምንቱም ሽጉጣቸውን ጠረጴዛ ላይ አኑረው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሦስተኛው የልጇ ባል ነበር። ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

የተናገሩት ሰውዬ ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ፣ ሰባን የተሻገሩ አሰልጣኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በፖስታ ቤት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ከአፋቸው "በዝግታ" የምትለው ቃል ስለማትጠፋ ክለቡ ሁሉ ጋሽ ዝግታ ይላቸዋል።

"ማንን ፈልገው ነው እትዬ?" አሉ።

"የዚህችን ባለቤት!" መሀረቧን ፈታችና ስባሪዋን አፍንጫቸው ሥር ደቀነችላቸው። "የጆሮ ጌጧ ከዚህ ሰው ኪስ ምን ይሠራል?"

ጋሽ ዝግታ መዳፏን ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ሲሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን እየታገሉ ነበር።

"እትዬ፣ ይቺ ጌጥ አይደለችም። በአየር ግፊት የሚሠራ፣ የአየር ሽጉጥ ጥይት ናት።"

"ጥይት?" እትዬ መርፌ እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው አራገፈች። "ኧረ ሴትዮዋ ትሻለኝ ነበር!"

ስምንቱ ተኳሾች ያን ጊዜ ሳቁ። አማቿ ብቻ አልሳቀም። ክርኗን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳትና በስምንት ዓመት ያልተናገረውን በአምስት ደቂቃ ዘረገፈው።

"እናቴ፣ እባክዎን ለልጅዎ አይንገሩብኝ። እሷ በጥይት የተመቱ ሰዎች ሲመጡላት ነው የምትውለው። 'ሽጉጥ' የሚለውን ቃል እንኳ በቤቴ አልሰማም ብላለች። ይሄ እዚሁ ነው የሚቆለፈው፣ ወደ ቤት አይመጣም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥዬ፣ ሰው ከላይም ከታችም እየጮኸብኝ ነው የምውለው። አንዷን ሰዓት እዚህ ስቆም ማንም አይጮኽብኝም።" ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ "እስከ ዛሬ።"

  ይሄን ጊዜ ነው ጋሽ ዝግታ ወንበር ይዘው የመጡት።

"ከመጡ አይቀር፣ ምን እንደሆነ አይተው ቢፈርዱብን አይሻልም?"

"እኔ? ሽጉጥ? በዚህ ዕድሜዬ?"

"የዕድሜ ነገር አይነሳ፤ ከእኔ ያንሳሉ።"

ጠረጴዛው ዘንድ አስቀመጧትና ከሁሉ በፊት ሕጉን ነገሯት። አፈ ሙዙ ከዒላማው ሌላ ወደ የትም አይዞርም። ጣት እስኪያነጣጥሩ ድረስ ምላጩን አይነካም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ለማሳየት በአፈ ሙዙ ውስጥ ብርቱካናማ ገመድ ይሰካል፤ አሰልጣኙ ሳያዙ ገመዱ አይወጣም። "ይሄን ያፈረሰ ሰው ልጄም ቢሆን ዕለቱን ከዚህ በር ይወጣል" አሉ፤ ድምፃቸው አንዴ ብቻ ጠንከር አለ። እትዬ መርፌ በልቧ ወደደችው። እሷም የሱቋን ትልቅ መቀስ ማንም እንዲነካ አትፈቅድም።

ዒላማው አሥር ሜትር ርቆ የተሰቀለ ካርቶን ነው። መሃሉ ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ጥቁር ክብ አለ። አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመጨረሻው ውስጠኛ ክብ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም።

"አሁን ሽጉጡ ጫፍ ላይ የቆመችውን ትንሽ ብረት ይዩ። እዚህ ከኋላ ደግሞ ስንጥቅ አለ። ብረቷን ስንጥቁ መሃል ያቁሟት፤ ግራና ቀኟ ብርሃኑ እኩል ይሁን።"

"ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ በሉኛ!" አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ያደረገችው ነገር ነው። "ግን ጋሼ፣ ይሄን በደንብ ሳይ ዒላማው ጠፋኝ። ጭጋግ ሆነብኝ።"

ጋሽ ዝግታ አጨበጨቡ። "ይጥፋ! ዓይን ሁለት ቦታ አያይም። ወጣቶቹን ዒላማውን አትዩ፣ ብረቷን ብቻ እዩ እያልኩ ምላሴ አለቀ። ዒላማውን ያያሉ፣ ይስታሉ። የእርስዎን ዓይን ግን ዕድሜ አስተምሮታል።"

መጀመሪያ እጇን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳረፉላትና አምስት አስተኮሷት። ድምፁ የጠርሙስ ቡሽ ሲነቀል እንደሚሰማው ያለ ነው። "ምላጩን አይንጠቁት፣ በዝግታ ይጫኑት፤ መቼ እንደሚወጣ እርስዎም አይወቁ" አሏት። ካርቶኑ በገመድ ተስቦ ሲመጣ አምስቱም ቀዳዳ ከታች በስተግራ፣ ከኮት ቁልፍ ባልሰፋ ቦታ ተሰብስበው ተገኙ። አማቿ አየና አፉን ከፈተ።

"ሁሉም ስቷል" አለች እትዬ መርፌ ቅር ብሏት።

"ስብስቡ ነው ቁም ነገሩ!" አሉ ጋሽ ዝግታ። "ወደ መሃል የምታመጣው ይቺ የሽጉጡ ብሎን ናት። እጅን አንድ ቦታ ማኖር ግን በብሎን አይሆንም።"

ልቧ ውስጥ አንዳች ነገር ሞቅ አለ። ወዲያው ግን ከረጢቱን ወሰዱባትና ቆማ፣ በአንድ እጇ እንድትሞክር አደረጉ። አንዱ ሦስት፣ አንዱ ሰባት፣ ሌላው ከካርቶኑም አልፎ ግድግዳውን መታ። አንድ ኪሎ ሥጋ የሚያህል ብረት እጅ ዘርግቶ መያዝ ቀልድ አይደለም፤ ክንዷ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለ። ወደ ቤት ሲመለሱ አማትና አማች አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"የሚቀጥለው ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?" አለች ወደ መስኮቱ እያየች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሁለት ሰው የሚወጣበት ቀን ሆነ። እትዬ መርፌ ውሸት አትወድም፤ ልጇ "የት ነበርሽ?" ስትላት የምትለው እውነቱን ነበር።

"ስተኩስ ነበር።"

"በቅዳሜ ጠዋት? እማዬ፣ የሚተኮስ ልብስ አያልቅብሽም እንዴ?"

"የት ያልቃል ልጄ! ገና ጀመርኩት እኮ።"

ሱቋ ውስጥም ነገሩ አልቀረም። ጋሽ ዝግታ ክንድ እንዲጠነክር አንድ ኪሎ የሚሆን ዕቃ ዘርግተው ይያዙ ስላሏት፣ ካውያዋን ከሶኬት ነቅላ ወደ ግድግዳው ትዘረጋና ሃያ ትቆጥራለች። አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ በዚህ ሁኔታ ስታገኛት በሩ ላይ ቀረች። "ምነው እትዬ፣ ግድግዳውም ተጨማደደ?" ብላ ሄደች። መነጽር ሠሪውም ግራ ገብቶት ነበር፤ "ለማንበብ ነው ለመንገድ?" ሲላት "ለክንዴ ጫፍ" አለችው። ሜትሯን አውጥታ ከዓይኗ እስከተዘረጋው እጇ ለክታ ቁጥሩን ነገረችው።

ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው ቤቱ ነበር። አማትና አማች እራት ላይ መንሾካሾክ ጀመሩ። "ትከሻዎን ወደ ላይ እየሳቡ ነው" ይላታል፤ "አንተ ደግሞ ትንፋሽህን አብዝተህ ትይዛለህ፣ ልትፈነዳ ነው" ትለዋለች። ነርሷ ማንኪያዋን አስቀምጣ ታያቸዋለች።

"ምን ሆናችኋል? እናንተ ሰዎች ትኩሳት አላችሁ?"

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። ክለቡ ለጀማሪዎች ውድድር ሲያዘጋጅ ጋሽ ዝግታ የሁለቱንም ስም ጻፉ። ያን ዕለት እትዬ መርፌ ነገሩ እንቅልፍ እንደሚነሳት አወቀች። መለማመድ አንድ ነገር ነው። ልጇ ሳታውቅ በሰው ፊት ቆሞ መወዳደር ግን የተሸፈነ ቀዳዳ ነው፤ ባላሰቡት ቀን ይተረተራል። አማቿን ሳታማክር ልጇን ወደ ሱቁ ጠራቻትና የስፌት መኪናዋን አጠፋች።

"ልጄ፣ እተኩሳለሁ ስልሽ የነበረው በካውያ አይደለም።"

ነገረቻት። ከኪሱ ጀምራ እስከ ውድድሩ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ልጇ እስክትጨርስ ቆማ ሰማች። ፊቷ ቀስ በቀስ ነጣ።

"በዚህ ሳምንት ብቻ" አለች በመጨረሻ፣ "በዚህ ሳምንት ብቻ ከሰው ትከሻ ምን እንዳወጣን ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

"እና እናቴና ባሌ ተደብቀው እሱኑ ይጫወቱበታል!"

"እሱን አይደለም" ልትል ነበር እትዬ መርፌ፤ የአየር መሆኑን፣ ገመዱን፣ ቁልፉን ልትዘረዝር ነበር። ግን የልጇን እጆች አየች፤ ከመታጠብ ብዛት የተሰነጣጠቁ እጆች ናቸው። 

"መደበቃችን ጥፋት ነው" አለች። "ሌላውን መጥተሽ እዪው። አይተሽ ተዪው ካልሽኝ እተወዋለሁ። እሱንም እኔ አስተወዋለሁ።"

ሁለት ቀን ነርሷ ሳህኗን ይዛ መኝታ ክፍሏ እየገባች ለብቻዋ በላች። አማትየዋ "ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው የነገርኳት" ስትለው አማችየው "ተቃጠለ እኮ" አላት።

የውድድሩ ዕለት ልጇ ከአዳር ተረኛነት በቀጥታ፣ ነጭ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች መጣች። ከኋላ ካሉት ወንበሮች መጨረሻው ላይ ተቀምጣ እጆቿን አጣጠፈች።

ተወዳዳሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አርባ ጥይት፣ በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ አምስት። እጣው እትዬ መርፌን ሰባተኛው መስመር ላይ፣ አማቿን ስምንተኛው ላይ አቆማቸው። ዳኛዋ ቁጡ ሴት ነበረች። "አጉርስ! ተኩስ ጀምር!" ስትል እትዬ መርፌ ክንዷን ዘረጋች። ካውያው ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ክንዷ ጸና። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ አሥር። አሥሯን ስታይ ሳታስበው "እሰይ!" አለችና ዳኛዋ ገላመጠቻት።

አራተኛው ካርቶን ላይ ሦስት ተኮሰች፤ ላብ መነጽሯ ላይ ጠብ አለና አውልቃ ጠረገችው። መልሳ አድርጋ እጇን ስታነሳ፣ ብረቷ ስንጥቁ መሃል እንደ ሐውልት ቆመች፤ ግራና ቀኟ እኩል ብርሃን። ምላጩ በራሱ የሄደ ያህል ነበር። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጥሩ ተኩስ አልተኮሰችም። ሽጉጡን አስቀምጣ ጠረጴዛው ላይ ባለው የሩቅ ማያ መነጽር ዒላማዋን ስታይ ግን ቀዳዳው አሁንም ሦስት ነው።

ወደ ጎረቤት ካርቶን አየች። አማቿ አምስቱን ጨርሶ ነበር። ካርቶኑ ግን አሁን ስድስት ቀዳዳ አለው።

አማቿም አይቷል። ወደ እሷ ዞር ሳይል በሹክሹክታ "ምንም አይበሉ፣ እኔ ተሳሳትኩ እላለሁ" አላት።

"ዝም በል አንተ!" አለችው፤ "የታለች?!" ብላ የገባችበትን ቀን የሚያስታውስ ድምፅ ነበር። ግራ እጇን አነሳች። "ዳኛ! የሰው ካርቶን ላይ ሰፋሁ።"

ዳኛዋ ካርቶኖቹን አስመጥታ በአጉሊ መነጽር መረመረች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በሌላ ሰው ዒላማ ላይ የተኮሰ ሰው ያቺ ጥይቱ ዜሮ ናት። የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ ስላልተለየ ደግሞ ለአማቿ ከስድስቱ የተሻሉት አምስቱ ይያዙለታል። ከስድስቱ አንዱ ጥርት ያለ አሥር ነበር። የማን እንደሆነ ሁለቱም በልባቸው ያውቁታል።

እትዬ መርፌ ፊቷ ጋለ። ስፌት ቢበላሽ ይፈታል፤ ክሩን መዝዘህ ዳግም ትሰፋዋለህ። ይሄ ግን መፈቻ የለውም። አምስተኛዋን ጥይት በንዴት ተኮሰችና አራት ነጥብ ላይ መታች። ቀጣዩ ካርቶን ላይም አምስት፣ ከዚያ ስድስት። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አሰልጣኝ በውድድር መሃል መናገር አይፈቀድለትም፤ ጋሽ ዝግታ ጢማቸውን እየነጩ ቆመዋል። ሽጉጡን አስቀመጠችና ወደ ኋላ ዞረች፤ ማንን ልታይ እንደሆነ እሷም አላወቀችም።

ልጇ ከመጨረሻው ወንበር ተነስታ ቆማ ነበር። እጆቿ አልተጣጠፉም። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ነርሷ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች፣ በአፍንጫዋ ረጅም አየር ሳበች፣ በአፏ በዝግታ አወጣች። ደግማ ሳበች። በድንገተኛ ክፍል ለሚንቀጠቀጥ ሁሉ የምታደርገው ይሄንን ነው። እናቷ አብራት ተነፈሰች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ከዚያ ዞራ የቀሩትን ጥይቶች አንድ በአንድ፣ የቀደመችውን ሳታነሳ የምትመጣውንም ሳትቆጥር ተኮሰቻቸው። የመጨረሻው ካርቶን ላይ ከስምንት በታች የለም።

ውጤቱ ሲነበብ አማቿ አምስተኛ፣ እሷ ስድስተኛ ሆኑ። የለያያቸው ሁለት ነጥብ ነው።

"በኔው አሥር አሸነፍከኝ!" አለችው።

"በስምንት ዓመት የሰጡኝ የመጀመሪያ ስጦታ ነው" አላት። እትዬ መርፌ እንዲህ ያለ መልስ ከዚህ ሰው ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም፤ ጎንበስ ብላ እስኪያስላት ሳቀች።

ነርሷ ቀስ ብላ መጣች። ከጠረጴዛው ላይ ብርቱካናማ ገመድ የተሰካበትን ሽጉጥ ትንሽ ራቅ ብላ አየችው፤ አልነካችውም።

"አልወደድኩትም" አለች። "ወደፊትም የምወደው አይመስለኝም። ግን ጩኸት ይኖራል ብዬ ነበር። የፈተና ክፍል ነው የሚመስለው።"

"ተዉ ትይናለሽ?" አለ ባሏ።

"ቤቴ አይመጣም። ሁለተኛ ደግሞ አትዋሹኝም፤ አንቺም ጭምር እማዬ፣ ያ ካውያሽ ውሸት ነው።" ጣቷን ከባሏ ወደ እናቷ አዞረች። ከዚያ አዛጋች። "ሦስተኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችሁም ከቤት ውጡልኝ። እስከ ስድስት ሰዓት እተኛለሁ።"

ጋሽ ዝግታ ሰምተው "በዝግታ ይተኙ" አሏት፤ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

እነሆ ሦስት ዓመት ሆነው። ዛሬ ከክለቡ ጀማሪዎች ጎን ቆማ መነጽርና ክንድ የምትለካው እትዬ መርፌ ናት። ባለፈው ውድድር ሦስተኛ ወጣች፤ አማቿ ዘጠነኛ። እጣ በወጣ ቁጥር ግን አማቿ ተጠግቶ ዳኛዋን በጆሮዋ ይለምናታል፤ ከአማቱ አጠገብ እንድታቆመው።